ጭሳቸው የጠፋ ጭስ ማውጫዎች

ሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ስዌልዴል የሚባል ሸለቆ አለ። ከሸለቆው ወደ ላይ ሲወጣ ዛፍ የሚባል ነገር ያልቃል፤ ነፋስና በግ ብቻ ይቀራሉ። እዚያ ኮረብታ ላይ፣ ኦልድ ጋንግ በሚሉት ቦታ፣ ሁለት ረድፍ ሠርተው የቆሙ የድንጋይ ምሰሶዎች ይታያሉ። የተሸከሙት ነገር የለም። በላያቸው ሰማይ ነው፣ በመካከላቸው ሣር ነው።

ፎቶግራፉን ለወዳጆቻችን አሳይተን «ምን ይመስላችኋል?» ብለን ነበር። አንዱ የጣዖት ቤት ነው አለ። ሌላው የሮማውያን ገበያ መሆን አለበት ብሎ ተከራከረ። አንዷ ደግሞ «ይሄ እኛ አገር ቢሆን ስንት ንግሥት በተቀበረችበት ነበር» ብላ አሳቀችን። መልሱን ስንነግራቸው ግን ሁሉም ቅር አላቸው። የማገዶ ቤት ነው።

አዎ፣ የማገዶ ቤት። በእነዚያ ኮረብቶች ላይ ውሃ የሚያቁር ረግረግ ሞልቷል። በሺህ ዓመታት ውስጥ የበሰበሰ ሣርና ቅጠል እየተደራረበ ጥቁር፣ የሚነድ አፈር ሆኗል፤ ፒት ይሉታል። በበጋ እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ኩበት ሲነድ እያየ ያደገ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። የኦልድ ጋንጉ መጋዘን ከ100 ሜትር በላይ ርዝመት ነበረው፤ ስፋቱ ግን 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በጎኑ ሙሉ ግድግዳ ያልተሠራለት ነፋስ በምሰሶዎቹ መካከል እንደልቡ እየገባ ማገዶውን እንዲያደርቀው ነው። ጣሪያው ሄዘር በሚባለው የኮረብታ ቁጥቋጦ የተከደነ ነበር። ሲሞላ የሦስት ዓመት ማገዶ ይይዝ እንደነበር ይነገራል።

ለመሆኑ የሦስት ዓመት ማገዶ የሚያጠራቅም ማን ነው? እርሳስ የሚያቀልጥ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአማርኛ እርሳስ ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ ብረቱንም፣ የምንጽፍበትንም። የምንጽፍበት ውስጥ ግን አንድ ፍሬ እርሳስ የለም። ጥቁሩ ነገር ግራፋይት ነው፤ የካርቦን ዘመድ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከእነዚሁ ኮረብቶች ብዙም ሳይርቅ፣ ቦሮውዴል በሚባል ቦታ፣ ንጹሕ ግራፋይት ሲገኝ ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው «ጥቁር እርሳስ» ብለው ጠሩት። ጀርመኑም ዐረቡም እስከ ዛሬ መጻፊያውን በእርሳስ ስም ይጠራሉ፤ እኛም እንደዚያው። ለብረቱ ለራሱ ከግዕዝ የወረስነው ሌላ ስም አለን፤ ዐረር። ዛሬ «አረር» ስንል የሚታየን ጥይት ነው። በአንድ ብረት ስም ደብተርም ጦር ሜዳም አለ ማለት ነው።

እርሳስ ለምን ይፈለግ ነበር ቢሉ፣ ለማይፈለግበት ነገር መፈለግ ይቀላል። በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ ዝገት አያሸንፈውም። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ይከደንበታል፣ የውሃ ቱቦ ይሆናል፣ ባለ ቀለም የመስኮት መስታወት ይያያዝበታል፣ ነጭ ቀለም ይወጣዋል፣ ጥይት ይፈስበታል። ሮማውያን ብሪታንያን እንደያዙ ወዲያው ፍለጋ የጀመሩት ለዚህ ነው። በ1735 ዮርክሻየር ውስጥ በፔትሊ ብሪጅ አቅራቢያ ሁለት የእርሳስ ጥፍጥፎች ተገኝተው ነበር፤ በላያቸው የተቀረጸው ጽሑፍ ከ81 ዓ.ም. መሆናቸውን ይናገራል። እኛ የምናወራላቸው ድንጋዮች ግን አብዛኞቹ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ፔናይንስ በሚባለው የኮረብታ ሰንሰለት ላይ፣ ከስዌልዴል እስከ ዊርዴል፣ ከአለንዴል እስከ ኔንትሄድ፣ ተበትነዋል። እነሱን ተከትለን ከጉድጓዱ እስከ ጭስ ማውጫው እንሂድ።

መጀመሪያ የሚታየው ድንጋይ ሳይሆን የድንጋይ አለመኖር ነው። ገነርሳይድ ጊል በሚባለው የስዌልዴል ገባር ሸለቆ ግራና ቀኝ ኮረብታው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ይታያል። ያላወቀ ሰው ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ይመስለዋል። ጎርፍስ ጎርፍ ነው፤ ግን ሰው ያዘጋጀው። ማዕድን ፈላጊዎቹ ከኮረብታው አናት ላይ በሣር አፈር ግድብ ይሠራሉ፣ ውሃ እስኪሞላ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይለቁታል። ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ሲወርድ የእርሳሱ ሥር ይጋለጣል። ደግመው ያቁራሉ፣ ደግመው ይለቃሉ። ይህ ለትውልዶች ተደጋግሟል። አፈሩ የት ሄደ? ወደ ወንዙ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሥሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰውም ተከትሎት ገባ። በኮረብታው ጎን አግድም ዋሻ ይቆፈራል፤ አፉ በተጠረበ ድንጋይ በቅስት ይሠራል። ፈረስ ጋሪ ይጎትትበታል፣ የጉድጓዱ ውሃም በዚያው ይፈስበታል። ቅስቶቹ ዛሬም አሉ፤ ቁመታቸው ብዙ ጊዜ ከሰው እምብዛም አይበልጥም፣ ውሃም ከብዙዎቹ እስከ አሁን ይወጣል። በገነርሳይድ ጊል ያለው ሰር ፍራንሲስ የሚባለው ዋሻ በ1864 ተጀምሮ ከሚፈለገው ሥር የደረሰው በ1877 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ተቆፈረ ማለት ነው። እንደደረሰ ደግሞ፣ እንደምናየው፣ የእርሳስ ዋጋ መውደቅ ጀመረ።

ከዋሻዎቹ አፍ አጠገብ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ፊታቸው ክፍት የሆነ፣ የድንጋይ ክፍሎች ይገኛሉ። ጣሪያ የላቸውም። የከብት በረት ይመስላሉ። እኛን ከሁሉም ይልቅ የሳቡን እነዚህ ናቸው፤ ምክንያቱም የተሠሩት ለድንጋይ ሳይሆን ለሒሳብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፔናይንስ እርሳስ ቆፋሪ በቀን ሥራ አልተቀጠረም። ከአራት እስከ ስምንት የሚሆኑ ሰዎች፣ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾችና የወንድም ልጆች፣ ተሻርከው ከኩባንያው ወኪል ጋር ለሦስት ወር ይዋዋላሉ። ወኪሉ ቦታ ይሰጣቸዋል፤ ለሚያወጡት ማዕድን በሚዛን ይከፍላቸዋል። ሥሩ ወፍራም ከሆነ ወኪሉ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፣ ቀጭን ከሆነ ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቡድን ድንጋይ ከሌላው እንዳይቀላቀል ለየክፍሉ ይቀመጣል። እነዚያ «በረቶች» የአንዱን ላብ ከሌላው የለዩ ግድግዳዎች ናቸው።

ሻማው የራሳቸው ነው። ባሩዱ የራሳቸው ነው። መሣሪያ ማሳያም ከእነሱ ይቆረጣል። ሒሳብ የሚዘጋው በዓመት አንዴ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየወሩ ለቀለብ የሚሆን ገንዘብ በብድር ይሰጣቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ያወጡት ከተበደሩት ከበለጠ ትርፉ ይታሰብላቸዋል። ካነሰ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይዞራል። ሥሩ ድንገት ሊወፍር ይችላልና ሁሌ ተስፋ አለ፤ ደግሞ ባለ ዕዳ ሰው ቦታ ለቆ አይሄድም። ኩባንያው «ሠራተኛ» አላላቸውም፣ ለራሳቸው የሚሠሩ ተዋዋዮች ናቸው። በስልክ አፕሊኬሽን ተሳፋሪ የሚጭኑ፣ ነዳጁም ጎማውም ዕዳውም የራሳቸው የሆነ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩን።

ይሁን እንጂ ቆፋሪዎቹን እንደ ምስኪን ብቻ ማየት ልክ አይመስለንም። ብዙዎቹ አንዲት ላም፣ ጥቂት በግ፣ ቁራጭ የሣር መሬት ነበራቸው። ሥራ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ወንዶቹም ጭምር። እጅ ለምን ይፈታል? የስዌልዴል ካልሲ ለገበያ ይወጣ ነበር። መደራደርም ያውቁ ነበር። የማዕድኑን ሥር የሚያነብ ዓይን ያላቸው እነሱ እንጂ ወኪሉ ብቻ አልነበረም፤ ጥሩ ሥር ሲያገኙ እስከሚቀጥለው ውል ድረስ ዝም ለማለት የሞከረ ስንት እንደነበር መገመት አያቅትም።

ከቤት የራቀ ጉድጓድ ላይ የሚሠሩት ሳምንቱን የሚያድሩበት ቤት ነበራቸው። በዊርዴል ላይ፣ ኪልሆፕ ውስጥ፣ ከእነዚህ አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል። ድንጋዩ ሲታይ ያምራል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ትንንሽ መስኮት። የመንግሥት መርማሪዎች በ1842 ስለ ሕፃናት ሥራ፣ በ1864 ደግሞ ስለ ማዕድን ጉድጓዶች ሁኔታ ባቀረቧቸው ሪፖርቶች የተጻፈው ግን አያምርም። አንድ አልጋ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው፣ በላዩ ሌላ አልጋ፤ እርጥብ ልብስ በአንድ ምድጃ ዙሪያ ተሰቅሎ፤ የሳምንት ስንቅ፣ ዳቦና የደረቀ ሥጋ፣ በየከረጢቱ። መስኮት የሚከፍት የለም፣ ብርድ ነው። ቀን የድንጋይ ብናኝ የሚተነፍስ ሳንባ ሌሊቱን የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ቆፋሪ ብዙ ጊዜ በደረት ሕመም ነበር የሚሞተው፤ ዕድሜ ሳይጠግብ።

ከእነሱ ጋር ልጆች ነበሩ። የወጣውን ድንጋይ በመዶሻ ሰብሮ፣ በወንፊት አጥቦ፣ እርሳሱን ከተራው ድንጋይ መለየት የልጆች ሥራ ነበር፤ ቀደም ባለው ጊዜ ሴቶችም ይሠሩት ነበር። እርሳስ ስለሚከብድ በውሃ ውስጥ ሲወዘወዝ ታች ይቀራል፤ ዘዴው ይኸው ነው። እጃቸው ቀኑን ሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነው። ክረምት ውሃው ሲቆም ሥራውም ይቆማል፣ ክፍያውም ይቆማል። ኪልሆፕ ላይ ያለው ትልቅ የብረት መንኮራኩር፣ ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ይህን የመስበርና የማጠብ ሥራ በማሽን ለማድረግ በ1870ዎቹ መጨረሻ የተተከለ ነው። እርሱም ልጆቹን ሙሉ በሙሉ አላስቀረም።

አሁን ወደ ማቅለጫው ደረስን። ማቅለጫ ቤት ወንዝ ዳር ይሠራል፤ ምክንያቱም ወናፉን የሚነፋው ውሃ ነው። በውሃ የሚዞር መንኮራኩር ትልቅ ወናፍ ያንቀሳቅሳል፣ ወናፉ ምድጃውን ያጋግማል፣ ምድጃው ውስጥ ፒትና ትንሽ የድንጋይ ከሰል ከማዕድኑ ጋር ይነዳል። የቀለጠው እርሳስ በቦይ ወደ ድስት ይወርዳል፤ ከድስቱ ተቀድቶ በቅርጽ ይፈሳል። በአገራችን ወናፍ ይዞ ማረሻ የሚሠራ ባለ እጅ ያየ ሰው የኦልድ ጋንግን ፍርስራሽ አይቶ መረዳት አይከብደውም፤ የመጠን ልዩነት ነው።

ችግሩ ጭሱ ነበር። እርሳስ ሲቀልጥ ከፊሉ ተንኖ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በዙሪያው ያለው ሣር ይቃጠላል፣ ከብት ይታመማል፣ ጎረቤት ገበሬ ይከሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በኩባንያ ዓይን ሲታይ፣ ገንዘብ ወደ ሰማይ እየበረረ ነው። መፍትሔው በእኛ አስተያየት ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ነው። ጭሱን በምድር ላይ አስተኙት። ከማቅለጫው ጀምሮ ወደ ኮረብታው አናት የሚወጣ፣ በድንጋይ ቅስት የተከደነ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት የጭስ ቦይ ሠሩ። ጭሱ በዚያ ውስጥ ሲጓዝ ይቀዘቅዛል፣ እርሳሱ በግድግዳው ላይ ይጋገራል፣ የተረፈው ብቻ ኮረብታው ጫፍ ባለው ጭስ ማውጫ ይወጣል።

ግሪንተን ላይ ያለው ቦይ ከ300 ሜትር በላይ ነው፤ ዛሬም ከታች ቆሞ ሲታይ እንደ እባብ ኮረብታውን ይወጣል። ይህ ግን ትንሹ ነው። አለንዴል ላይ ሁለት ቦዮች ጎን ለጎን ወደ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳውን አቋርጠው ይሄዳሉ። በማን አእምሮ ነው አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝም የድንጋይ ቧንቧ ለጭስ የሚሠራው? መጨረሻቸው ላይ ሁለት ጭስ ማውጫዎች አሉ፤ ከዚያ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ቦዮቹን ሳያይ በመኪና የሚያልፍ ሰው፣ ፋብሪካው የት ሄደ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ፋብሪካው ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ነበር።

ሩክሆፕ የሚባል መንደር ደግሞ ቦዩ ሸለቆ ማቋረጥ ነበረበት። ስለዚህ ለጭስ ድልድይ ሠሩለት፤ ስድስት ቅስት ያለው። ዛሬ የቀረው አንድ ቅስት ነው፤ ከየት ወደ የት እንደሚያሻግር ሳያስታውቅ ሜዳ ላይ ተገትሯል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ደብልዩ ኤች ኦደን በልጅነቱ ይህን አካባቢ እንደ ቅዱስ ቦታ ይወደው ነበር፤ በዚያ ዕድሜው ሊሆን የተመኘውም ገጣሚ ሳይሆን የማዕድን መሐንዲስ ነበር።

ግድግዳ ላይ የተጋገረውን እርሳስ ግን አንድ ሰው ማንሳት አለበት። እሳቱ ሲቆም ውሃ ይለቀቅበታል፤ ውሃው ያልጠረገውን ሰው ገብቶ ይፍቃል። ጠባብና ጨለማ ቦታ ነው፣ ያለውም ዱቄት መርዝ ነው። ያንን ቅስት ስናደንቅ ይህንንም አብረን እናስበው።

ሥራው ሁሉ ያለ ጠብ አልሄደም። በአለንዴልና በዊርዴል ጉድጓዶቹ የቦሞንት ቤተሰብ ነበሩ። ከ1845 ጀምሮ ዋና ወኪላቸው ቶማስ ሶፕዊዝ ነበር፤ የተማረ፣ ሁሉን የሚለካ፣ ሁሉን የሚመዘግብ ሰው። ቆፋሪዎቹ እስከዚያ ድረስ ሰዓታቸውን ራሳቸው ያዙ። ሶፕዊዝ የስምንት ሰዓት ፈረቃ ደነገገና የሚቆጣጠር ሰው አቆመ። ነገሩ ለዛሬ ጆሮ ግር ይላል፤ ስምንት ሰዓት የሠራተኛ ጥያቄ እንጂ የአሠሪ ትእዛዝ አይመስልም። ነገር ግን ለነዚያ ሰዎች ጥያቄው የሰዓቱ ቁጥር አልነበረም። በውል እንሠራለን፣ ገቢው የኛ ዕድል ነው፣ ታዲያ ማን ነህ አንተ ሰዓት የምትቆጥርብን? የሚል ነበር። በ1849 አለንሄድስ ላይ ሥራ አቆሙ። ተሸነፉ። ግንባር ቀደም የተባሉት ሥራ ተነፈጉ፤ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ሄዱ። (በነገራችን ላይ የዚህ ሶፕዊዝ የልጅ ልጅ፣ ስሙም ቶማስ ሶፕዊዝ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የታወቁትን የሶፕዊዝ አውሮፕላኖች የሠራው ነው።)

ከኮረብታው ማዶ ኔንትሄድ ላይ ሌላ ዓይነት ጌታ ነበር። በ1692 የተቋቋመው የለንደን እርሳስ ኩባንያ ክዌከር በሚባሉት ክርስቲያኖች እጅ የነበረ ነው። መንደሩን ኩባንያው ራሱ ገነባው፤ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ በ1833 ደግሞ የንባብ ቤት። የሠራተኛ ልጅ መማር ግዴታው ነበር። መስከርና መሳደብ ከሥራ ያስባርራል። ኔንትሄድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ430 ሜትር ከፍ ይላል፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆላ ነው፣ ለእንግሊዝ ግን ከአገሩ ከፍተኛ መንደሮች አንዱ። የንባብ ቤቱን ሰምተን ደስ አለን፤ ከዚያ ደግሞ ቤትህም፣ ትምህርትህም፣ ጠባይህም በአንድ ኩባንያ እጅ ሲሆን ለአለቃህ «አይሆንም» የምትለው የት ቆመህ ነው ብለን ተከራከርን። በመካከላችን እስካሁን አልተስማማንም። ኩባንያው ራሱ ጉድጓዶቹን በ1882 ሸጠ፤ በ1905 ፈረሰ።

ያፈረሰው ዋጋ ነው። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የስፔንና የአሜሪካ እርሳስ ገበያውን አጥለቀለቀ፤ በ1883 አውስትራሊያ ውስጥ ብሮክን ሂል የሚባለው ትልቅ ክምችት ተገኘ። ለመቶ ዓመት ጠባብ ሥር ሲከተል የኖረ የፔናይንስ ቆፋሪ ከዚያ ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር። ሰዉ ወደ ደርሃም የድንጋይ ከሰል፣ ወደ ላንካሻየር የጥጥ ፋብሪካ፣ ወደ አሜሪካዋ አዮዋ ተበተነ። በላይኛው ስዌልዴል ሰፈሮች ባዶ ቀሩ።

እዚህ ላይ ነው ድንጋዮቹ መዋሸት የሚጀምሩት። ኩባንያ ሲዘጋ ብረቱ ተነቅሎ ተሸጠ፤ መንኮራኩሩም፣ ሐዲዱም። እንጨቱ ተወሰደ። የጣሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ለሌላ ቤት ሆነ። የቀረው ለማጓጓዝ የማያዋጣው ነው፤ ምሰሶው፣ ቅስቱ፣ ቦዩ። ግሪንተን ላይ ያለው ማቅለጫ ጣሪያው እስከ ዛሬ ያልወረደው ገበሬ ለበጎቹ ስለተጠቀመበት ነው። የታሪክ ቅርስ ነው ብሎ የጠበቀው አዋጅ የመጣው ከበጎቹ በኋላ ነው። ዛሬ ቱሪስት የሚያየው ጸጥ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ንጹሕ አየር ያለው ኮረብታ ነው። ያኔ ግን መዶሻ፣ ወናፍ፣ ሳልና የፈረስ ኮቴ ነበር፤ ጭሱ በደረሰበት ሣር አልበቀለም። ፍርስራሽ ሁልጊዜ ከኖረው ሕይወት ይልቅ ያምራል። እኛም ፎቶግራፎቹን ስናይ ጥቂት ተታለናል።

መሬቱ ግን አልረሳም። ከኮረብታው ታጥቦ የወረደውን አፈር ልብ ይበሉ ብለን ነበር። ዛሬም በስዌል ወንዝ ዳርቻ ባለው ሜዳ ያለው አፈር እርሳስ አለበት፤ ወንዙ ሲሞላ ከዳርቻው እየቦረቦረ እንደገና ወደ ታች ያወርደዋል። ሐምሌ 2019 ላይ በስዌልዴልና በጎረቤቱ አርከንጋርዝዴል ድንገተኛ ዶፍ ወርዶ ድልድይ እስከ ማፍረስ ደርሷል። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ የድሮ ጉድጓድ ክምር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የተዘጋ ድርጅት ቆሻሻውን እያከፋፈለ ነው።

ታዲያ ለምን አያጸዱትም? ቢያጸዱት የሚጠፋ ነገር አለ። በእርሳስ በተመረዘው አፈር ላይ ሌላ ሣር ስለማይችል ብቻቸውን የሚበቅሉ ትንንሽ አበቦች አሉ፤ ነጭ፣ ከዋክብት የሚመስሉ፣ ሰዉ «የእርሳስ አበባ» የሚላቸው። እነሱ ያሉበት ሜዳ በሕግ የተጠበቀ ነው። ክምሮቹና ግድግዳዎቹም በብዙ ቦታ በጥንታዊ ሐውልት ሕግ የተጠበቁ ናቸው። እርሳሱን አንሣ ያለህ የወንዙ ባለሥልጣን ነው፤ አትንካ ያለህ የቅርሱና የአበባው ባለሥልጣን። ሁለቱም እውነት አላቸው። ኖራውን መልሶ ለመለሰን፣ ጎርፉ የሚበላውን ዳርቻ ለመደገፍ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጭስ የማያወጣ ጭስ ማውጫ ገንዘብ አያስገባም።

በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በዓለም ዙሪያ 23 ሚሊዮን ያህል ሰው በማዕድን ማውጫ ቆሻሻ በተበከለ የወንዝ ሜዳ ላይ እንደሚኖር ገምቷል። ስዌልዴል በዚህ ቁጥር ውስጥ ጥቂት ሰው ያለበት፣ ሀብታም አገር ውስጥ ያለ፣ የሚጠናና የሚለካ ቦታ ነው። ሌላኛው ጫፍ በእኛ አህጉር አለ። ዛምቢያ ውስጥ ካብዌ የሚባል ከተማ በቅኝ ግዛት ዘመን ብሮክን ሂል ይባል ነበር፤ ስሙን የሰጡት ከዚያችው የፔናይንስን ቆፋሪ ከገበያ ካስወጣችው የአውስትራሊያ ከተማ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተከፈተው የእርሳስና የዚንክ ጉድጓድ በ1994 ተዘጋ። እንግሊዞች ከዚያ ያወጡት አንድ ዝነኛ ነገር በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ በ1921 ጉድጓዱ ውስጥ የተገኘ የጥንት ሰው የራስ ቅል። ክምሩ ግን ካብዌ ቀርቷል። በዙሪያው የሚያድጉ ልጆች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ሐኪሞችን ለዓመታት ሲያስደነግጥ የኖረ ነው።

ጥቁር ተራራ የሚሉት አንድ የዝቃጭ ክምር አለ። ኩባንያው ከሄደ በኋላ ሰዎች የቀረውን ማዕድን ለማግኘት በእጃቸው ሲቆፍሩት ኖረዋል። ከሚሰብሩትና ከሚያነፉት መካከል ልጆችም ነበሩ።